ፍረጃ የልጆቻችንን ጥያቄ አይመልስም

 

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. መቐለ ላይ ለሰላማዊ ሰልፍ የወጣው ሙስሊም ሕዝብ የጠየቀው ነገር አጭር ነበር፦ የአክሱም እህቶቻችን ሒጃባቸውን ሳያወልቁ ይማሩ፣ ይፈተኑ። ተርጓሚ የሚያሻው ጥያቄ አልነበረም። ይሁንና ሰልፈኛው ገና ወደየቤቱ ሳይገባ በየስልኩ ሌላ ሸንጎ ተሰይሟል። አንዱ «እነዚህማ የእገሌ ቡድን ሰዎች ናቸው» አለ። ሌላው «የለም፣ የወዲያኛው ቡድን ናቸው» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው «ትግራይን ለመከፋፈል ከውጭ የተላኩ ናቸው» አለ። አራተኛው ደግሞ የቆየውን መዝገብ ገልጦ «አክራሪ» የሚለውን ቃል አወጣ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል «ለመሆኑ ልጆቹ ምን ሆኑ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስታውስ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአክሱም ከተማ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው እንዳይማሩ ተከለከሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት እንዳስታወቀው በዚሁ ምክንያት 159 ተማሪዎች ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ውጭ ሆኑ። ጉዳዩ በመግለጫ ተነገረ፣ ለሚመለከታቸው አካላት ቀረበ፣ ፍርድ ቤትም ደረሰ፤ ክልከላው ለጊዜው እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ። ይህ ሁሉ ሆኖ እልባት ሲጠፋ ነው ሕዝቡ አደባባይ የወጣው። ሰልፉ ከአቤቱታና ከፍርድ ቤት በኋላ የመጣ እንጂ በድንገት ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። ይህን ቅደም ተከተል ማጣራት ለሚፈልግ ሰው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅበትም ነበር። ለመፈረጅ ግን ግማሽ ደቂቃ በቂ ነው።

ደግሞም የትኛዋን ልጅ ነው ከምዝገባ ያስቀረነው? ዛሬ በትግራይ 12ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት ዓመታትን ከትምህርት ገበታ ርቃ የቆየች ናት። እኩዮቿ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሷ ትምህርት ቤቷ የሚከፈትበትን ቀን ስትቆጥር ነበር። ያንን ሁሉ አልፋ ፈተናው ደጃፍ ስትደርስ «ወይ ሒጃብሽ፣ ወይ ፈተናሽ» ተባለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ አምጥቶ የሁለት ፖለቲከኞች ጠብ ውስጥ መክተት ከባድ ግፍ ነው።

መቐለ ላይ ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አይሰወረንም። ከነሐሴ 2016ቱ የሕወሓት ጉባኤ ወዲህ ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከተማውም አብሮ ተከፍሏል ማለት ይቻላል። ደመወዜ አልተከፈለኝም ያለ መምህር፣ ወደ ቀዬዬ መልሱኝ ያለ ተፈናቃይ፣ ውሃ ጠፋብን ያለ የሰፈር ሰው ሁሉ ጥያቄው ከመሰማቱ በፊት «የየትኛው ወገን ነህ?» ይባላል። ጥያቄው እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው ቀርቶ ማንን ይጠቅማል፣ ማንን ይጎዳል የሚለው ሚዛን ሆኗል። የአክሱም ልጆች ጉዳይም በዚሁ ሚዛን ላይ ተጣለ። በእኛ ሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ከሚሰግዱት መካከል አንዱን ወገን የሚደግፍ አለ፣ ሌላውን የሚደግፍ አለ፣ ሁለቱም ያስመረሩት ደግሞ ይበዛል። ሁሉም ግን ሴት ልጅ፣ እህት ወይም የእህት ልጅ አለው። ሰልፉ ላይ ያገናኛቸው ይኸው ነው።

ይህ መንገድ ለኢትዮጵያ ሙስሊም አዲስ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሣው ሰላማዊ እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት፦ መጅሊሱ ሕዝቡ በመረጣቸው ሰዎች ይመራ፣ አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በሚያምነው ቦርድ ይተዳደር፣ የአሕባሽን አስተምህሮ በመንግሥት ጉልበት መጫን ይቁም። ሦስቱም «አዎ» ወይም «አይሆንም፣ ምክንያቱም» ተብለው ሊመለሱ የሚችሉ ነበሩ። የተሰጠው መልስ ግን ስም ነበር። የሕዝቡ ተወካዮች በ2004 ክረምት ታሰሩ፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 29 ሰዎች በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ክሱ በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አሳየ። በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ተከሳሾች በውጭ አገር ካሉ የታጠቁ የሽብር ቡድኖች ምስል ጋር ተጣምረው ቀረቡ። ዳኛው ገና ምስክር ሳይሰማ ቴሌቪዥኑ ፈርዶ ጨረሰ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደ። ከተፈረደባቸው አንዱ አሕመዲን ጀበል ከእስር የወጣው በየካቲት 2010 ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እነዚያኑ «አሸባሪ» የተባሉ ሰዎች የመጅሊሱን ችግር በሚፈታ ኮሚቴ ውስጥ እንዲቀመጡ ጠሩ። ጥያቄዎቹ ያኔም እነዚያው ነበሩ። በመካከሉ ያለፈው የሰው ዕድሜ፣ የፈረሰው ትዳር፣ ያለ አባት ያደገው ልጅ ግን ተመላሽ አልሆነም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። ያንን ፊልም ያሠራው ሥርዓት ዋና ምሰሶ የነበረው ድርጅት ከእኛው ክልል የወጣ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ያው «አሸባሪ» የሚለው ቃል ዞሮ ወደዚሁ ተመለሰ። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትን በአሸባሪነት ፈረጀ፤ ፍረጃው የተነሣው መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የድርጅት ስም ነበር። በየከተማው ታፍሶ የታሰረው ግን ትግርኛ ስለተናገረ ወይም መታወቂያው ላይ ያለው ስም ስላስጠረጠረው «ጁንታ» የተባለ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ የጉልት ሻጭ ነው። ፍረጃ ባለቤት የለውም፤ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ተቀብሎ በሚቀጥለው ሰው ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ከትግራይ ሰው የበለጠ ያየ ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ነው መቐለ ላይ ተቀምጦ ስለ 12ኛ ክፍል ልጆች «የተላኩ ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያስገርመን። ገና ጠባሳው አልደረቀም እኮ!

የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ምሁር ነበሩ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ፎቷቸው፣ ስማቸውና የሥራ ቦታቸው ከክስ ጋር ተደርቦ በፌስቡክ ተሰራጨ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ የተጠቀሰ ማስረጃም አልነበረም፤ ትግራዋይ መሆናቸው በቂ ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ጦርነቱ የጀመረበት አንደኛ ዓመት ቀን ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ያንን ጽሑፍ ከጻፈው አንድ ሰው ይልቅ እኛን የሚያሳስበን እያነበበ «አጋራ» የሚለውን የነካው ሕዝብ ነው። አብዛኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ምናልባት የሚሰግድ፣ የሚጾም፣ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። ጣቱ ከአእምሮው ቀደመች እንጂ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ከእኛው መካከል የሚወጣውም ነገር አለና።

ካለፉት ሳምንታት ወዲህ «የአክሱም ሕዝብ የእስልምና ጠላት ነው» የሚል ንግግር በእኛው ወጣቶች ስልክ ሲዞር እያየን ነው። የአክሱም ሕዝብ ማለት ማን ነው? በኅዳር 2013 ዓ.ም. በኤርትራ ወታደሮች ልጆቿን ያጣችው እናት የአክሱም ሕዝብ ናት። ሱቁን ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ተካፍሎ የሚኖረው የአክሱም ሕዝብ ነው። እነዚያ የተከለከሉት ልጆችና ወላጆቻቸውም የአክሱም ሕዝብ ናቸው! አንድ የትምህርት ቤት ውሳኔን ይዞ የከተማን ሕዝብ በሙሉ መፈረጅ፣ አንድ ድርጅትን ይዞ የክልልን ሕዝብ ከመፈረጅ በምን ይለያል? ከትግራይ ውጭ ሆነው ደግሞ የእህቶቻችንን ስም እየጠሩ በትግራይ ሕዝብ ላይ የቆየ ቂማቸውን የሚወጡ አሉ። ለእነሱ አጃቢ አንሆንም። ሒጃባችንን ለሌላ ጠብ ባንዲራ አድርጉት ብለን ለማንም አልሰጠንም።

በውስጣችንም እንዲሁ። ፍርድ ቤት እንሂድ፣ ሽማግሌ እንላክ ያለውን የምክር ቤት አባት «ካድሬ» ማለት፣ ሰልፍ ይብቃ ያለውን ኢማም «ሙናፊቅ» ማለት ቀላል ሆኗል። ሐሳቡን መቃወም መብት ነው፤ እኛም በዚህ ቡለቲን ከምክር ቤቱ ጋር ያልተስማማንባቸውን ነገሮች ወደፊትም እንጽፋለን። በልብ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ግን አላህ ብቻ ነው። ወንድሙን በኩፍር የጠራ ሰው ቃሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንደሚያርፍ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያስጠነቀቁትን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ሱረቱል ሑጁራትም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለቱንም ይዟል፦ ወሬ የመጣልህ እንደሆነ አጣራ ይላል፤ በክፉ ቅጽል ስም አትጠራሩ ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን መምጣታቸውን ልብ በሉ። የማያጣራ ሰው መጨረሻው ስም ማውጣት ነው።

እዚሁ አገራችን ላይ ደግሞ ከማንም የቀረበ ምሳሌ አለን። ከመቐለ ተነሥቶ ውቕሮን ያለፈ መንገደኛ ነጃሺን ያገኛል። በጦርነቱ የተመታው መስጊድ እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ሲመጡ ቁረይሾች ዓምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ከስጦታ ጋር ላኩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈችው መልእክተኞቹ በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ንጉሡ አልነበረም። ወደ ባለሟሎቹ ነው። ለእያንዳንዳቸው ስጦታ ሰጥተው አንድ ነገር ለመኑ፦ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ ምክሩት። የተንኮሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ ከተናገሩ ጉዳዩ እንደሚበላሽ ዓምር ያውቅ ነበር። ስለዚህ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የተዉ፣ የንጉሡንም ያልተቀበሉ ቂሎች ናቸው ብሎ ስማቸውን አስቀድሞ ላከው። ባለሟሎቹም እንደተመከሩት መከሩ። ነጃሺ ግን ተቆጣ፤ ወደ አገሬ የተጠጉትን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ጠራቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተናገረ፣ ከሱረቱ መርየም ቀራ፣ ንጉሡም አለቀሰ።

ዓምር በዚያ አላበቃም። በማግስቱ ተመልሶ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ሌላ ስም ይዞ መጣ። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ይህ ምን ያህል የሚያቃጥል ክስ እንደሆነ አስቡት። ነጃሺ ትናንት ሰምቻቸዋለሁ ብሎም ከሳሹን አምኖም አልቆረጠም። ለሁለተኛ ጊዜ ጠርቶ ጠየቃቸው፤ ከሰማ በኋላ ስጦታውን ለመልእክተኞቹ አስመለሰ። ዓምርም ራሱ ከዓመታት በኋላ ሰልሟል። ያኔ ሙስሊሞቹ «ጠላት» ብለው መዝገቡን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ የሚመለስበት በር የት ይገኝ ነበር?

መቻቻል የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። እውነቱን ለመናገር ሙስሊሙ ቃሉን የሰለቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በስብሰባ ላይ «መቻቻል» ሲባል «እናንተ ቻሉ» ማለት የሆነበት ዘመን ነበር። እኛ የምንለው መቻቻል ግን ዝም ማለትን አይደለም። የተቃራኒውን ክርክር ጥሩ በሆነው መልኩ ሰምቶ መመለስ ነው። እስቲ በአክሱም ጉዳይ ላይ እንሞክረው።

ክልከላውን የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት በሦስት ይጠቀለላል። አንደኛ፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ይህን ይላል፤ አንቀጽ 90ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል። ሁለተኛ፣ የደንብ ልብስ ለሁሉም እኩል ነው። ሦስተኛ፣ አክሱም ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቅድስት ከተማ ናትና ሥርዓቷ ይጠበቅ። እነዚህን የሚናገር ሰው ሁሉ ሙስሊም ጠል ነው ማለት ስንፍና ነው። ከልባቸው የሚያምኑበት አሉ። መልስም አለን። አንቀጽ 90 የሚናገረው ትምህርቱ ስለሚሰጥበት አኳኋን ነው፤ ስለ ተማሪዋ ራስ መሸፈኛ አይናገርም። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ትምህርትም ከመካከላቸው ተጠቅሷል። ገደቡ ግን በሕግ የሚወሰን መሆን አለበት ይላል። በሕግ! በትምህርት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። ደንብ ልብሱን በተመለከተ ሒጃቡ ከደንብ ልብሱ ጋር አንድ ቀለም ይሁን ቢባል ከእኛ የሚከራከር አይኖርም። ሦስተኛውን በተመለከተ ደግሞ ከአገራችን ክርስቲያኖች ጋር ስለ አክሱም ክብር አንጣላም። ከተማዋ ለእነሱ ምን እንደሆነች እናውቃለን። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በሁላችን ግብር የቆመ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም የአገር ፈተና ነው።

እንዲህ ሲባል የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ሰሚው ይፍረድ። «እናንተ መናፍቃን» ሲባልና «እናንተ አክራሪዎች» ሲባል ግን ልጆቹ ባሉበት ይቆማሉ።

ስለ መገናኛ ብዙኃንም አንድ ነገር። ሰልፉ ላይ በትግርኛ የተባለው ነገር በአማርኛ ሲተላለፍ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ቅርጹ ይለወጣል። «ይከበርልን» የተባለው «አስጠነቀቁ» ይሆናል። የአንድ ሰው መፈክር የሕዝብ አቋም ይሆናል። ጋዜጠኛ ከሆናችሁ የተማሪዎቹን ወላጆች ሳትጠይቁ፣ የትምህርት ቤቱን ኃላፊም ሳትጠይቁ ዜና አትሥሩ። ሁለቱንም ጠይቃችሁ የምትጽፉት እኛን ባያስደስተን እንኳ አንከስሳችሁም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የወጣ ነው፤ በእኛ ስም ተነሥቶ ሌላውን የሚሳደብ ሰውም በዚያው ሕግ እንደሚጠየቅ ይወቅ።

ለጀመዓው የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የተማሪዎቹን ፊትና ስም የያዘ ምስል ከስልካችሁ አውጡ፤ አታጋሩ። እነዚህ ልጆች ነገ እዚያው ከተማ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለእኛ ጀግንነት የመሰለን ለእነሱ መጠቆሚያ ሊሆን ይችላል። ከአክሱም መጣ የተባለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ የሚያውቅ ሰው እስክታገኙ ያዙት፤ የልብስ ቀለም አይታችሁ አትፍረዱ። ከክርስቲያን ጎረቤታችሁ ጋር በጉዳዩ ላይ መነጋገር ከፈለጋችሁ በስልክ ጽሑፍ አይሁን፤ ቡና ላይ ይሁን፣ ፊት ለፊት ይሁን።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ቀርቷል። ፍርዱ ምንም ይሁን ምን ፈተናው ይመጣል፤ ልጆቹ ደግሞ ከክፍል የራቁባቸው ሳምንታት አሉ። በየመስጊዱ ከእኛ ጋር የሚሰግዱ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የእንግሊዝኛ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አላችሁ። ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችና የመማሪያ መጻሕፍት ያላችሁ፣ በዕረፍት ቀናት ወደ አክሱም ሄዳችሁ ወይም በስልክ ልታስጠኑ የምትችሉ፣ የትራንስፖርት ወጪ ለመሸፈን የምትፈልጉም ነጋዴዎች ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለመስጊዳችሁ ኢማም ስማችሁንና የምትችሉትን ትምህርት አስመዝግቡ። እህቶች የምታስጠኑ ከሆነ በሴቶች በኩል ተመዝገቡ፤ ለልጆቹ የሚቀላቸው እሱ ነው።